ሮም የምትሄዱ ልጆች፣ እኚህን አስጎብኚ ሳታገኙ እንዳትመለሱ

ይህን የምጽፈው ለማመስገን ነው። ለመጠቆምም ነው። ለኢንተርንሺፕ ይሁን ለትምህርት ሮም የምትሄዱ፣ እህት ወንድም የምትልኩም ካላችሁ፣ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ሮም ውስጥ አንድ አስጎብኚ አሉ። ሐበሻ ናቸው። ስልሳውን አልፈዋል፣ ከተማዋን ደግሞ እንደ ሰፈራቸው ያውቋታል። የአስጎብኚነት ፈቃዳቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ነው የሚሠሩት። ስማቸውና ስልካቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስለማይፈልጉ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ከሳቸው በፊት ያየሁትን ካልነገርኳችሁ ግን ምስጋናዬ አይገባችሁም። ገና ከአዲስ አበባ ሳልነሳ አንድ ደላላ፣ ያውም የአገሬ ሰው፣ ክፍል አዘጋጅቼልሻለሁ ብሎ ቅድሚያ ክፍያ ተቀበለኝ። ስደርስ በሰጠኝ አድራሻ የሚከራይ ክፍል የሚባል ነገር የለም። ስልኩን ዘጋ። ሻንጣዬን ይዤ የማላውቀው ሰው በር ላይ ቆሜ ቀረሁ። ያ ብር እናቴ ከእቁቧ ያወጣችው ነበር። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

ቀጥሎ የኮሎሲየሙ፣ የጥንቱ የሮማውያን ስታዲየም ጉድ መጣ። ከሜትሮ ስወጣ ሰዎች ከበቡኝ። “ሰልፍ የለም፣ ሁሉንም እናሳይሻለን” አሉኝ። ከፈልኩ። እንደ መንጋ ነዱን። የሰጡኝ የጆሮ ማዳመጫ ይንኮሻኮሻል እንጂ ቃል አያሰማም። አስጎብኚዋ ሰዓቷን እያየች ትሮጣለች። ጥያቄ ስጠይቃት ጀርባዋን ሰጠችኝ። የቀረው ግማሽ ደግሞ “በሌላ ቲኬት ነው” ተባልን። ገንዘቤን መልሱልኝ ብል የሚሰማኝ አጣሁ። ከዚያ በኋላ ኑሮዬ ከቢሮ ቤት፣ ከቤት ቢሮ ሆነ። ሮም ውስጥ ተቀምጬ ሮምን ፈራኋት።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እህት ሁኔታዬን አይታ “ለምን ለጋሼ አትደውይም?” አለችኝ። እግዜር ይስጣት።

ጋሼ የቀጠሩኝ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ ነው። ኮሎሲየም ይወስዱኛል ብዬ ስጠብቅ እዚያው አጠገብ ያለች ትንሽ መናፈሻ አስገቡኝ። መሃሏ ላይ ከግብፅ የመጣ ጥንታዊ ሐውልት ቆሟል። ሥሩ ላይ እ.ኤ.አ. በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር የወደቁት የጣልያን ወታደሮች ስም ተጽፏል። ቁጥራቸው አምስት መቶ ያህል ነው፤ ከጣቢያው ፊት ለፊት ያለው ትልቁ አደባባይም የተሰየመው በነሱ ነው። እኔ በየቀኑ አውቶቡስ የምይዝበት አደባባይ! ዛሬ ለገሃር የምናየው የይሁዳ አንበሳም ተዘርፎ የተቀመጠው እዚሁ ሐውልት ሥር ነበር። ዘርዓይ ደረስ እ.ኤ.አ. በ1938 ጎራዴውን የመዘዘው እዚያ ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፣ አልቸኮሉም። ጥያቄ ስጠይቅ ደግሞ ቆም ብለው ፊቴን እያዩ ነው የሚመልሱት። ተንቄ ለከረምኩ ሰው ይህ ብቻውን በቂ ነበር።

ፀሐዩ ሲበረታ መንገድ ዳር ካሉት የብረት ቧንቧዎች አንዱ ጋ ወሰዱኝ። ናዞኒ ይሏቸዋል። ሮም ውስጥ በየቦታው አሉ፣ ውሃው ቀን ከሌት ይፈሳል፣ ነፃ ነው፣ ይጠጣል። እኔ እዚያው አጠገብ የታሸገ ውሃ ስገዛ ነው የከረምኩት። ጋሼ የቧንቧውን አፍ በጣታቸው ድፍን አደረጉት። ከላይ ካለች ትንሽ ቀዳዳ ውሃው ፊን ብሎ ወጣ። “በይ ጠጪ ልጄ” አሉኝ። ጎንበስ ሳልል ጠጣሁ። ቀዝቃዛ፣ ጥርስ የሚነክስ ውሃ!

ፓንቴዮን የሚባለው ጥንታዊ የሮማውያን ቤተ መቅደስም ገባን። ጣሪያው መሃል ላይ ክፍት ነው፤ ዝናብ ሲዘንብ ውስጥ ይገባል። ውሃው የሚወርድባቸውን ወለሉ ላይ ያሉ ቀዳዳዎች አሳዩኝ። ያ ሁሉ ክብደት እንዴት ሳይወድቅ እንደኖረም በደንብ አስረዱኝ። እኔ የምግብ ሳይንስ ተማሪ ነኝ፣ ግማሹ አልገባኝም። የኮንክሪቱን ነገር እሳቸውን ጠይቁ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ።

መጨረሻ ላይ የቆስጠንጢኖስ ቅስት ጋ ደረስን። አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ማራቶኑን በባዶ እግሩ ያሸነፈው እዚያ ነው፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ። ቀኑ በኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ነበር፣ የእንቁጣጣሽ ዋዜማ። እኔ እንዲሁ ሳላስበው “አያቴ ይህን ቢያዩት” አልኩ። አያቴ ደብረ ብርሃን ነው የሚኖሩት። የአበበ ትውልድ ቦታ ጃቶ ከዚያ ሩቅ አይደለም። እኛን ያሳደጉን የአበበን ወሬ እየነገሩ ነው ማለት ይቻላል።

ጋሼ “ስልክሽን አምጪ” አሉኝ። ጉብኝቱ አልቋል፣ ሰውየው ከጠዋት ጀምሮ ቆመው ውለዋል። “ከዚህ አይጀመርም” ብለው መንገዱን ሁሉ ወደ ኋላ መለሱኝ፣ እስከ ፖርታ ካፔና አደባባይ። አያቴ ጋ በቪዲዮ ደወልን። የአክስቴ ልጅ ስልኩን ያዘላቸው።

“አባባ፣ እንደምን ዋሉ? እኔ የቆምኩት የአክሱም ሐውልታችን የነበረበት ቦታ ላይ ነው” አሉ ጋሼ። ሐውልቱ እ.ኤ.አ. በ1937 ተወስዶ እዚያ ቆሞ ነበር፤ አገሩ የገባው በ2005 ነው። አበበ የአክሱምን ሐውልት አልፎ ነው ወደ መጨረሻው የተፈተለከው። ጋሼ ስልኩን ወደ ፊት ዘርግተው ቀስ እያሉ መራመድ ጀመሩ። ዛፉን፣ ግንቡን፣ መታጠፊያውን ያሳያሉ። ለአበበ መታሰቢያ የተለጠፈው ጽሑፍ ጋ ሲደርሱ ቆመው በአማርኛ እየመለሱ አነበቡላቸው። አያቴ ዝም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር።

ቅስቱ ጋ ስንደርስ “አባባ፣ እዚህ ጋ ነው የጨረሰው” አሏቸው።

አያቴ “መሬቱን አሳየኝ እስቲ” አሉ።

ጋሼ ጉልበታቸውን ይዘው ጎንበስ አሉና ስልኩን መሬቱ ላይ አስጠጉት። ሰው በላያቸው ላይ ይተላለፋል። ለረጅም ጊዜ እንደዚያው ቆዩ። አያቴ “እግዜር ይስጥህ ልጄ፣ ለአገርህ አፈር ያብቃህ” ብለው መረቁ። ጋሼ “አሜን” ሲሉ ድምፃቸው ተለወጠ። እኔማ ቀድሜ አልቅሻለሁ። ለዚያ ልጨምርላቸው ብል በቁጣ ነው የመለሱልኝ።

ቢሮዬ እዚያው ቺርኮ ማሲሞ አጠገብ ስለሆነ ሐውልቱ በነበረበት አደባባይ በየቀኑ ነበር የማልፈው። ምን እንደነበረበት የነገረኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ ቀን በኋላ ግን ብቻዬን መውጣት ጀመርኩ። የወሩ የመጀመሪያ እሁድ ኮሎሲየምን ጨምሮ የመንግሥት ሙዚየሞች ነፃ እንደሆኑ፣ ቡና ቆሞ መጠጣት ተቀምጦ ከመጠጣት እንደሚረክስ፣ የ1.50 ዩሮ የአውቶቡስ ቲኬት ለ100 ደቂቃ እንደሚሠራ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። ክፍልም የማታ ማታ የተገኘልኝ በሳቸው ሰው ነው። ደላላ የለ፣ ኮሚሽን የለ።

ደግሜ እላለሁ፣ ሮም ከሄዳችሁ መንገድ ላይ ለሚጎትታችሁ ሰው ገንዘባችሁን አትስጡ። ጋሼ ጋ ደውሉ። ለተማሪ ዋጋ ይቀንሳሉ፣ አስቀድመውም ይነግሯችኋል። ወላጆቻችሁ ሊጠይቋችሁ ከመጡም ሳትሳሱ ውሰዷቸው፤ በአማርኛ እየሰሙ የሚጎበኙበት ዕድል የትም አይገኝም። ቁጥራቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅደውልኛል። ቅዳሜና እሁድ ቶሎ ስለሚያዙ ቀደም ብላችሁ ደውሉ፤ ምቹ ጫማም አድርጉ፣ ጋሼ ታክሲ አይወዱም።