ከድሬዳዋ ወደ ሕንድ፦ የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ጥቅል ሲመዘን

ከድሬዳዋ ታማሚዎችን ለፕሮስቴት (ከወንዶች ፊኛ በታች ያለ ዕጢ) ቀዶ ሕክምና በጥቅል ዋጋ ወደ ሕንድ የሚልኩት ወኪሎች በወረቀት ሥራው ጎበዞች ናቸው፤ የሆስፒታል ጥሪ፣ የሕክምና ቪዛ፣ ከኤርፖርት መቀበል ይሳካላቸዋል። ችግሩ ያለው ዋጋው ላይ ነው። ፕሮስቴቱ በአልትራሳውንድ ሳይለካ የተቆረጠ ዋጋ፣ ዋጋ አይባልም። መጠኑ እስከ 80 ሚሊ ሊትር ገደማ ለሆነ ፕሮስቴት በሽንት ቧንቧ ገብቶ የሚፍቀው ቲዩአርፒ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ሌዘር ወይም ክፍት ቀዶ ሕክምና ይመጣል፣ ሂሳቡም ይለወጣል። ስለዚህ መጠኑን፣ ከሽንት በኋላ ፊኛ ውስጥ የሚቀረውን፣ ፒኤስኤውን (የፕሮስቴት የደም ምርመራ) እና የሽንት ካልቸሩን (የጀርም ምርመራ) እዚሁ አሠርቶ መላክ ነው። ጫት የሽንት ፍሰትን ያዳክማል፤ ቅመው ከተመረመሩ ውጤቱ ከእውነቱ ሊብስ ይችላል። (በእኛ አገር ይህን አለመጠየቅ ይገርማል!)

የጥቅሉ ትልቁ ጉድለት «7 ቀን» የሚለው የሕንድ ቆይታ ነው። ካቴተሩ (ሽንት የሚያወጣው ቱቦ) ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በ1 እስከ 3 ቀን ቢወጣም፣ ከ10ኛው ቀን አካባቢ ጀምሮ የቁስሉ ቅርፊት ሲላቀቅ ደም ሊመለስ ይችላል። የረጋ ደም ቧንቧውን ከደፈነ ሰውየው ሽንት ይከለከላል፤ አውሮፕላን ላይ ደግሞ ፊኛ የሚያጥብ የለም። ቢያንስ 2 ሳምንት ያስጽፉ። የተፋቀው ሥጋ የፓቶሎጂ ምርመራ (ካንሰር እንዳለበት የሚታይበት) በዋጋው መካተቱንም ያረጋግጡ። ሲመለሱ ሻንጣውን ሌላ ሰው ይሸከም፤ ከባድ ነገር ከ4 እስከ 6 ሳምንት አይነሳም።