ሞኒተር ወይስ ሄድፎን? ለአንዲት ክፍል የማስተሪንግ ስቱዲዮ የቱ ይገዛ

ይህን ጥያቄ በዚህ ዓመት ስንት ጊዜ እንደመለስኩ መቁጠሩን ትቻለሁ። ጠያቂው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ሰው ነው። ኮምፒውተር አለው፣ ሳውንድ ካርድ አለው፣ ከቤቱ አንዲት ክፍል ለይቷል፣ ወደ መቶ ሺህ ብር አጠራቅሟል። «ገንዘቡን ሞኒተር ላይ ላውለው ወይስ ሄድፎን ላይ?» ይለኛል። ሞኒተር የኮምፒውተሩ ስክሪን አይደለም፤ ድምፅን ሳያሳምር እንዳለ የሚያሰማ የስቱዲዮ ስፒከር ነው። ማስተሪንግ ደግሞ ዘፈን ከመውጣቱ በፊት ድምፁን የማመዛዘን የመጨረሻው ሥራ ነው። መልሴ ሄድፎን ነው። ጀርባው ክፍት የሆነ፣ ኦርጅናል ሄድፎን፤ ሞኒተሩ ይቆይ። እዚህ መልስ ላይ የደረስኩት ግን በሁለት ኪሳራ ነው፤ ሁለቱንም ልንገራችሁ።

የምሠራው ግንፍሌ አካባቢ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ወርዷ 3 ርዝመቷ 3.5 ሜትር በሆነች መኝታ ክፍል ነው። በ2013 ዓ.ም. የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ባለ 5 ኢንች ሞኒተር ጥንድ በሻንጣው ይዞልኝ መጣ። ጥንዱ 400 ዶላር፤ በጊዜው ምንዛሪ 16 ሺህ ብር ገደማ። እዚህ ሱቅ ውስጥ የእጥፉ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም ነበርና በርካሽነቱ ተደስተን ቡና አስፈላን። ከሞኒተሩ ጀርባ የተለጠፈችውን ትንሽ ጽሑፍ ያነበበ ሰው አልነበረም። 120 ቮልት ትላለች። የእኛ ግድግዳ 220 ነው። ሁለቱንም በአንድ ማከፋፈያ ላይ ሰክቼ ማብሪያውን ስጫን «ጧ» አለ፤ ከዚያ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ቡናውን አሸነፈው።

ጠጋኙ ከፍቶ አሳየኝ። ፊውዙ ጠቁሯል፤ አጠገቡ ያሉት ካፓሲተሮች አናታቸው እንደ ድፎ ዳቦ ተነፍቷል። ለእያንዳንዱ 3,500 ብር፣ ቮልቴጅ ለሚቀንስ ትራንስፎርመር ደግሞ 4,000 ብር ከፈልኩ። ዋናው ጉዳት ግን ወጪው አልነበረም። በአንደኛው ውስጥ የተቃጠለው የማጉያ ቺፕ በአቻው ሳይሆን በተገኘው ተተካ፤ ከዚያ በኋላ የግራውና የቀኙ ድምፅ አንድ አልሆነም። ሙዚቃ ለሚያዳምጥ ሰው ይህ ምንም አይደለም። ማስተሪንግ ለሚሠራ ግን አንዱ እግሩ ባጠረ ሚዛን ወርቅ እንደመመዘን ነው።

ስለዚህ ዘመድ ሞኒተር ላምጣላችሁ ሲላችሁ መጀመሪያ የጀርባውን ጽሑፍ ፎቶ አንስቶ ይላክላችሁ። አንዳንዱ ከ100 እስከ 240 ቮልት ይቀበላል፤ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራው ብዙው ግን አይቀበልም። ሄድፎን ይህ ጣጣ የለበትም፤ ግድግዳ ላይ አይሰካም።

ሁለተኛው ጣጣ ክፍሉ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ትይዩ ግድግዳዎች በ3.5 ሜትር ሲራራቁ 49 ኸርዝ ላይ ያለ፣ ማለትም በሰከንድ 49 ጊዜ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ በመካከላቸው እየተመላለሰ ይደራረባል፤ በ3 ሜትሩ በኩል ደግሞ 57 ኸርዝ ላይ እንዲሁ ይሆናል። ይህ የከበሮው ሆድና የቤዝ ጊታሩ ወፍራም ክር የሚኖሩበት ሰፈር ነው። ግድግዳው ጥግ ቆማችሁ ብታዳምጡ ቤዙ ያገሳል፤ የክፍሉ መሀል ላይ ይጠፋል። የእኔ ወንበር መሀል ላይ ነበረ።

አንድ የሰርግ ዘፈን ስሠራ ቤዙ ጎደለኝ፤ ጨመርኩ። አሁንም ጎደለኝ፤ ደግሜ ጨመርኩ። በማግስቱ ከደንበኛዬ ጋር ከአራት ኪሎ ወደ መገናኛ ስንሄድ ደስ ብሎት ፍላሹን ለሚኒባሱ ሾፌር ሰጠው። ዘፈኑ ሲጀምር የበሩ ቆርቆሮ መንቀጥቀጥ ያዘ። ረዳቱ ዞር ብሎ፣ «ወንድሜ፣ ክራሩ የት ገባ?» አለ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

እዚህ ላይ ሁሉም ሰው «ግድግዳውን ማልበስ ነዋ» ይላል። የእንቁላል ካርቶን የሚለጥፉ አሉ፤ የእንቁላል ካርቶን የሚጠቅመው ለእንቁላል ነው። ቀጭን ስፖንጅም ጭብጨባ የመሰለውን ቀጭን ድምፅ እንጂ ቤዙን አይነካውም። የ50 ኸርዝ ሞገድ ሩቡ ብቻ 1.7 ሜትር ነው። ወፍራም ሱፍ ጥግ ጥጉ ላይ ቢቆለል ይረዳል፤ ግን ክፍሏ ከዚያ በኋላ አልጋ አትይዝም። ተከራይ ከሆናችሁ ደግሞ አከራይዋ ግድግዳው ላይ ስትበሱ ዝም አይሉም።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው ባንክ ውስጥ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ፤ ከዚያ በፊት የሰማችሁትን ዋጋ ሁሉ እርሱት። በቅርቡ የጠየቅኳቸው ሱቆች ለአዲስ ባለ 5 ኢንች ጥንድ ከ95 እስከ 120 ሺህ ብር ጠርተውልኛል። ያገለገለ በ65 ሺህ ይገኛል እንበል። መቆሚያ 8 ሺህ፣ ጥሩ ገመድ ሁለት 3 ሺህ፣ ስታቢላይዘር 9 ሺህ፣ ለግድግዳው ሱፍ፣ እንጨትና የአናጢ 25 ሺህ። 110 ሺህ ብር ሆነ፤ ያውም ባገለገለ ዕቃ። ስታቢላይዘሩን አስቀራለሁ የሚል ካለ፣ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣውን ጉልበት ገና አላየም። የእኔን ሞኒተር ለሁለተኛ ጊዜ ጠጋኝ ቤት የወሰደው እሱ ነው።

በሌላ በኩል ሰንሃይዘር ኤችዲ 600። ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ገበያ ላይ ያለ ሄድፎን ነው፤ ውጭ አገር ቅናሽ ሲኖር 300 ዶላር አካባቢ ይሸጣል። ለአምጪው ጭምር 48 ሺህ ብር ከፈልኩ። ልዩነቱ 62 ሺህ ብር ነው። ለአንድ ዘፈን 2,500 ብር ለሚያስከፍል ሰው ይህ የ25 ዘፈን ሥራ ነው። ገመዱ ከሁለቱም ጆሮ ይነቀላል፣ ስፖንጁ በእጅ ይወልቃል፣ መለዋወጫው ለየብቻ ይሸጣል። ሁለት ዓመት ሠርቼበት ያወጣሁት ወጪ የስፖንጅ መቀየሪያ ብቻ ነው። መብራት ሲጠፋም ላፕቶፑ በባትሪው፣ ሳውንድ ካርዱ ከላፕቶፑ እየሳበ ሥራዬን እጨርሳለሁ።

ግን ኦርጅናል ያልኩት በከንቱ አይደለም፤ ሁለተኛው ኪሳራዬ ፎርጂድ ነበር። በ2015 ዓ.ም. የአንድ የታወቀ የጀርመን ሄድፎን ኮፒ በ9,500 ብር ገዛሁ። ካርቶኑ ኦርጅናል፣ ቦርሳው ኦርጅናል፣ የጽሑፉ ቀለም ሳይቀር ኦርጅናል ይመስላል። ሻጩ ከፊት ለፊቴ ማሸጊያውን ቀዶ አሳየኝ፤ ማሸጊያም እንደሚታተም ያኔ አላሰብኩም። ሦስት ሳምንት የሠራሁት ሥራ ሁሉ ሌላ ቦታ ሲደመጥ ደብዛዛ ሆነ፤ ለካ ሄድፎኑ ቀጭኑን ድምፅ ከልክ በላይ ስለሚያጮኸው እኔ እየቀነስኩ ነበር።

የያዝኩት በመልቲሜትር ነው። የሄድፎኑ ጎን ላይ 250 ኦም ተብሎ ተጽፏል፤ ኦም ሄድፎኑ ኤሌክትሪክን ምን ያህል እንደሚቋቋም የሚለካበት ነው። አንዱን ዘንግ የመሰኪያው ጫፍ ላይ፣ ሌላውን ከሥሩ ያለው ብረት ላይ አድርጌ ኦም ስለካ 34 አሳየኝ። ደግሜ ለካሁ፤ 34። የአንድ ሄድፎን ልኬት ከተጻፈው ጥቂት ቢዛነፍ ያለ ነው፤ ከ250 ወደ 34 ግን የሚያስኬድ መንገድ የለም። ኤችዲ 600 ሲሆን ቁጥሩ ወደ 300 የተጠጋ መሆን አለበት። ዛሬ ሄድፎን ልገዛ ስሄድ መልቲሜትሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነው። አንድ ሻጭ «ሆስፒታል መሰለህ እንዴ?» ብሎኝ ያውቃል፤ ሄድፎኑን ግን እንድለካው አልሰጠኝም፤ እኔም ቀብድ አልሰጠሁትም።

ሄድፎን ጉድለት የለውም አልልም። ግራና ቀኙ ከእውነቱ በላይ ይሰፋል፤ ዘፋኙ ጭንቅላታችሁ ውስጥ የቆመ ይመስላል። ኤችዲ 600 ደግሞ ከ60 ኸርዝ በታች እየሳሳ ይሄዳል፤ ወፍራሙን ቤዝ በጆሮ ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ ባለው የድምፅ መለኪያ እያየሁ፣ በደንብ የማውቃቸውን ዘፈኖች ጎን ለጎን እያስገባሁ ነው የማመዛዝነው። ደካማ ሳውንድ ካርድ 300 ኦምን እንደልብ አይገፋም። ጀርባው ክፍት ስለሆነም የውጭ ድምፅ ይገባል፤ ከማለዳው ቅዳሴ የድምፅ ማጉያ ጋር እየተፎካከሩ መሥራት አይቻልም። እኔ የምሠራው ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ነው፤ በሞኒተር ቢሆን ኖሮ በዚያ ሰዓት የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ በሬን ያንኳኩ ነበር።

ሞኒተር ይገዛ የምለው ሰፋ ያለ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ ያለው ክፍል ላለው ሰው ነው። እንደነዚያ ወፍራም የጭቃ ግድግዳና የእንጨት ወለል እንዳላቸው የፒያሳ አሮጌ ቤቶች ዓይነት፤ የተረፉት ጥቂት ቢሆኑም። እንዲህ ያለ ክፍል ያለው ሰው ያገለገለ ሲገዛ ሁለቱንም ያብራና ምንም ሳይጫወት ጆሮውን ያስጠጋ፤ «ህምም» የሚል ካለ ካፓሲተሩ እየሄደ ሊሆን ይችላል። ከዚያ አንድ ዘፈን ወደ ሞኖ፣ ማለትም ግራና ቀኙ አንድ ዓይነት ድምፅ ወደሚያሰሙበት ቀይሮ አንድ በአንድ ያዳምጣቸው፤ ድምፃቸው ከተለያየ ዋጋ መቀነስ አያስፈልግም፣ ትቶ መሄድ ነው።

የእኔዎቹ እስካሁን አሉ። ደንበኛ ሲመጣ ትራንስፎርመሩን አብርቼ የተጠናቀቀውን ዘፈን በእነሱ አሰማዋለሁ። በሄድፎን ብቻ የሚሠራ ባለሙያ ገንዘብ ሲጠይቅ ሰው በጥርጣሬ ያየዋል፤ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ትላልቅ ጥቁር ሣጥኖች ሲያይ ግን ዋጋ አይከራከርም።