የ600 ብር ቄጠማ

ሻጩ «ትንሿ ዘንባባ» ብሎ ነው የሸጠልኝ። ከጥምቀት በኋላ፣ ከሜክሲኮ በእግሬ ወደ ቤት ስመለስ፣ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጥ ልጅ ጋ ቆምኩ። ረጅም ቀጭን ግንድ፣ አናቱ ላይ እንደ ጃንጥላ የተዘረጋ ቅጠል። አማረኝ። 600 ብር ከፍዬ ታቅፌው ቂርቆስ ገባሁ።

ቅዳሜ እናቴ መጣች። አንዱን ግንድ ከአናቱ ዝቅ ብላ በሁለት ጣቷ ያዘችና አሽከረከረችው። «አንተ ልጅ፣ ይሄ እኮ ቄጠማ ነው!» ብላ በሳቅ ፈረሰች።

ልክ ነበረች። የሣር ግንድ ክብ ነው፣ ውስጡም አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። የቄጠማ ወገን ግን በብዛት ሦስት ጠርዝ አለው፣ ውስጡም ድፍን ነው፣ ጣት ላይ ስታንከባልለው ይቆረቁራል። የጣና ታንኳ የሚሠራበት ደንገል ራሱ የዚሁ ቤተሰብ ነው። የኔው ሳይፐረስ ይባላል፣ ለጌጥ የሚተከል የደንገል ዘመድ።

ስሙን መሳሳቱ ምንም አልነበረም፣ ችግሩ ከስሙ ጋር የመጣው ምክር ነው። «ዘንባባ ስለሆነ ውሃ አታብዛበት፣ በሳምንት አንዴ ይበቃዋል፣ ፀሐይ ላይ አድርገው» አለኝ ሻጩ። እኔም ታዛዥ ነኝ፣ በር ላይ ፀሐይ የሚመታው ቦታ አስቀመጥኩት። በጥር ፀሐይ! በ10 ቀን ውስጥ የቅጠሎቹ ጫፍ ቡናማ ሆነ፣ ሁለት ግንድ ታጥፎ ወደቀ። ተመልሼ ስነግረው ትከሻውን ሰብቆ «ማዳበሪያ ጨምርበት» አለኝ። እዚህ ጋ ነው ነጥብ የምቀንሰው።

ያዳነው የእናቴ ሐሳብ ነው። ቧንቧው አጠገብ ሁሌ ጭቃ የሆነች ጥግ አለችን፣ ጽጌረዳ ተክዬባት የበሰበሰብኝ። «ቄጠማ ረግረግ ነው የሚወደው፣ እዚያ ውሰደው» አለች። እኔ መሬት ላይ ከመትከል ይልቅ ከነማሰሮው አሮጌ ሳፋ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ አራት ጣት ያህል ውሃ አድርጌ። የደረቁትን ግንዶች ከሥራቸው ቆረጥኳቸው። (ጫፉን ብቻ መከርከም ዋጋ የለውም፣ የተቆረጠው ግንድ መልሶ አያድግም፣ አዲሱ የሚመጣው ከታች ከሥሩ ነው።) በሦስተኛው ሳምንት ከአፈሩ ውስጥ እንደ መርፌ የሾሉ አረንጓዴ ነገሮች ብቅ ብቅ አሉ። ጠዋት ጠዋት ጥርሴን እየፋቅኩ እቆጥራቸው ነበር።

ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰው ደግሞ ይሄ ሳፋ ትልቅ ነገር ነው። ውሃ ጠፍቶ ሦስት አራት ቀን ቢቆይም ተክሉ ምንም አይሆንም። ግን የሳፋውን ውሃ ቶሎ ቶሎ ቀይሩት፣ አለዚያ ይሸታል፣ ትንኝም ይፈለፈልበታል።

ሻጩን ብቻ አልወቅስም፣ እቃው ደህና ነበር። ወደ ማሰሮ ላዛውረው ላስቲኩን ስቀደው ሥሩ ነጭና ጤነኛ ነው፣ ተባይም የለውም። ደንገልም ነበረው፣ በትንሽ ላስቲክ። እሱን ለጠባብ ግቢ አልመክርም፣ ከ3 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል፣ ከጎረቤት ያጣላል።

ዋጋው ተወደደ ለምትሉ፣ አንዱን ገዝቶ ማብዛት ነው። ጃንጥላውን ከአንድ ስንዝር ግንድ ጋር ትቆርጡታላችሁ፣ ቅጠሎቹን በግማሽ ታሳጥሩና ገልብጣችሁ፣ አናቱን ወደ ታች፣ ውሃ ውስጥ ትነክሩታላችሁ። አልተሳሳትኩም፣ ተገልብጦ ነው። እኔ ባዶ የኦቾሎኒ ቅቤ ጠርሙስ ተጠቀምኩ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ከቅጠሎቹ መሃል ሥርም ቡቃያም አወጣ። አሁን አምስት አሉኝ፣ አንዱን ለጎረቤት ሰጠሁ።

ስለዚህ ለተክሉ ሙሉ ነጥብ፣ ለሻጩ ምክር ግማሽ። እንደገና እገዛበታለሁ ወይ? እገዛለሁ፣ ግን ሳልጠይቀው።

የፋሲካ ዋዜማ እናቴ ቢላ ይዛ ሳፋው አጠገብ ቆማ አገኘኋት። «ቄጠማ ተወዷል» አለችኝ፣ «ከዚህ ትንሽ ልጎዝጉዝ?» ሮጬ ሄጄ ገዝቼላት መጣሁ።