የሚያጋድል ተሳቢ አሰርቼ 10 ወር ሰራሁበት፣ ያየሁትን ልንገራችሁ

ሰላም ነው። ነሐሴ ላይ ያሰራኋትን ተሳቢ መንገድ ላይ እያስቆመ "ስንት አወጣህባት፣ ትጠቅማለች ወይ፣ ለኔ ፒክአፕ ትሆናለች ወይ" የሚለኝ ሰው በጣም በዝቷል እና ሁሉንም አንድ ላይ ብጽፈው ይሻላል ብዬ ነው። ስራዬ የድንኳን፣ የወንበር፣ የጄኔሬተርና የሳውንድ ኪራይ ነው፣ ከአባቴ የተረከብኩት። እቃ ቤታችን ተክለሃይማኖት ጀርባ ያለች ጠባብ ግቢ ነች፣ መኪናችን ደሞ ያቺው ባለ ፋይቭ ኤል ሞተር ነጠላ ጋቢና ሃይሉክስ። ደንበኞቻችን አብዛኞቹ እዚሁ መሃል ከተማ ናቸው፣ ልደታ፣ ሰንጋ ተራ፣ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ካዛንቺስ።

ለምን እንዳሰራኋት ሳልናገር ስለ ብረቱ ባወራ ትርጉም የለውም። ጄኔሬተራችን 320 ኪሎ ነው። በፊት እንዴት ነበር የምንጭነው፣ አራት ሰው አራት ማዕዘኑን ይዞ "አንድ፣ ሁለት፣ ሆ!" ብሎ 80 ሴንቲ ገደማ ከፍታ ያለው ፒክአፕ ላይ ያወጣዋል። አንድ ሰው 80 ኪሎ ማለት ነው፣ ያውም አጎንብሶ፣ ያውም ለቅሶ ከሆነ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተደውሎልህ በጨለማ። ያምና ክረምት ካዛንቺስ አንድ ለቅሶ ቤት ስናወርድ ኮብሉ ረጥቦ ነበር፣ ከኋላ የያዘው ልጅ አንዴ አንሸራተተውና ክብደቱ በሙሉ ጋሼ ላይ መጣ። ጋሼ የምንላቸው ከአባቴ ጋር ጀምረው እስካሁን አብረውን ያሉ ትልቅ ሰው ናቸው። ቀኝ እጃቸው በጄኔሬተሩ ፍሬምና በፓራውልቱ መሃል ገባ። እግዜር ሲያተርፍ እጃቸው ወጣች፣ ጓንቱ እዛው ተቀርቅሮ ቀረ። አምስቱም የጓንቱ ጣቶች ተጠፍጥፈው በባትሪ መብራት ሳያቸው ሰውነቴ ነው የቀዘቀዘው። ጀርባቸው ግን ተጎዳ፣ ሶስት ሳምንት ተኙ። ከዛ በኋላ ያንን ጄኔሬተር በሰው እጅ አላስነሳም ብዬ ቆረጥኩ።

እና ያሰራኋት ይቺ ነች። ርዝመቷ 2 ሜትር ከ80፣ ወርዷ 1 ሜትር ከ50፣ ባለ አንድ አክስል፣ ባሌስትራ ላይ የተቀመጠች፣ ወለሏ ከመሬት 52 ሴንቲ ነው። ሻሲው ቱቦላሬ፣ ወለሉ ሸካራ ላሜራ፣ ባዶዋን 280 ኪሎ። ዋናው ነገሯ ግን ወለሉ ከመጎተቻው ተለይቶ ያጋድላል፣ ፊት ያለውን ፐርኖ (መቆለፊያ ፒኑን) ስትነቅለው የኋላው ጠርዝ መሬት ይነካል፣ መሃል ላይ ሾክ ስላለው ቀስ ብሎ ነው የሚወርደው እንጂ አይፈነጠርም። ፊቷ ላይ ገመድ እየጠቀለለ የሚጎትት የእጅ ዊንች አለ። ጋንቾው (መኪናው ላይ ካለው የመጎተቻ ኳስ ጋር የሚያያይዛት) እና ዊንቹ ከውጭ የመጡ ናቸው፣ ሌላው እዚሁ የተበየደ። ሁሉም ተደምሮ 310 ሺህ ብር ወጣብኝ፣ የመብራት ስራው እዛ ውስጥ አለ፣ የታርጋው ወጪ ግን እዛ ውስጥ የለም።

አጫጫኗን ላሳያችሁ። መጀመሪያ ከፒክአፑ ጋር ትያያዛለች፣ የእጅ ፍሬን ይያዛል፣ ጎማዎቹ ስር ታኮ ይገባል። ይሄንን ሳታደርግ ወለሉን ብታጋድል ክብደቱ ከኋላ ሲመጣ አፍንጫዋን ወደላይ ታነሳና ሰው ትመታለች። ከዛ ፐርኖው ይነቀላል፣ ወለሉ ይወርዳል፣ የዊንቹ ገመድ ከጄኔሬተሩ ፍሬም ጋር ይታሰራል፣ ጋሼ እጀታውን ያዞራሉ። ተዳፋቱ 22 ዲግሪ ገደማ ነው፣ በዛ ተዳፋት 320 ኪሎ ወደኋላ የሚጎትተው በ120 ኪሎ ገደማ ነው፣ የእግሮቹ ጎማ ፍትጊያ ትንሽ ይጨምርበታል፣ ያንን ደሞ ዊንቹ ነው የሚሸከመው። ጄኔሬተሩ አክስሉን አለፍ ሲል ወለሉ ራሱ በክብደቱ ተመልሶ ይቀመጣል፣ "ጓ!" ይላል፣ ፐርኖው ይገባል። መጀመሪያ ቀን ይሄን ሲያዩ ጋሼ እጀታውን ለቀው ቆሙና "አይ ልጄ፣ አባትህ ይቺን ቢያያት" አሉኝ። ሌላ ምንም አላሉም። እኔም መመለስ አልቻልኩም።

ድሮ አራት ሰውና ሃያ ደቂቃ የሚፈልገው አሁን ሁለት ሰውና ሰባት ደቂቃ ነው። በ10 ወር ውስጥ አንድም ሰው ጭነት ላይ አልተጎዳብንም።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ። ተሳቢ ስትገዛ አደጋው አይጠፋም፣ ቦታ ነው የሚቀይረው፣ ከሰው ጀርባ ላይ ይነሳና ወደ ጭነት አደላደል ይሄዳል። ይሄን የነገረኝ ሰው አልነበረም። ጥር ላይ፣ ሰርግ በሰርግ በሆንበት ሰሞን፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ፒያሳ ድንኳን አውርደን የቀረውን ይዘን ወደ ለገሃር ስንወርድ ነበር። ልጆቹ ጄኔሬተሩ ቀድሞ ይወርዳል ብለው የመጨረሻ ጭነው ከኋላ ጠርዝ ላይ አስቀምጠውታል፣ ወንበሩ ከፊት። እኔም አይቼ አለፍኩት። መንገዱ ባዶ ነው፣ ከቴዎድሮስ አደባባይ ወደ ፖስታ ቤት በቸርችል ጎዳና ቁልቁል ስወርድ 60 ሳልደርስ አልቀርም፣ መጀመሪያ መሪው ላይ ትንሽ ነገር ተሰማኝ፣ ጎማ የነፈሰ መሰለኝ፣ ከዛ በመስታወት ሳይ ተሳቢዋ እንደ ጅራት ግራ ቀኝ ትላለች፣ እያንዳንዷ መወዛወዝ ከፊተኛዋ ትበልጣለች፣ የፒክአፑም ኋላ አብሯት መሄድ ጀመረ። ፍሬን ልረግጥ እግሬ ሄዶ ነበር። ምን እንዳቆመኝ አላውቅም ግን አልረገጥኩም፣ ነዳጅ ለቀቅኩና መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፣ ፍጥነቱ ሲወርድ ቀስ በቀስ ተረጋጋች። ዳር ይዤ ስቆም ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በኋላ ነው ጉዳዩን ያጠናሁት። ክብደቱ ከአክስሉ ኋላ ከበዛ ተሳቢው ጋንቾውን ወደላይ ያነሳዋል፣ ያኔ በትንሽ ንፋስ ወይ በትንሽ ጉድጓድ መወዛወዝ ይጀምራል፣ ፍጥነት ሲጨምር ደሞ ይብሳል። ጋንቾው ላይ የሚያርፈው ክብደት ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት 10 በመቶ አካባቢ መሆን አለበት፣ ከዛ በጣም ሲያንስ ይወዛወዛል፣ በጣም ሲበዛ ደሞ የመኪናውን ኋላ አስቀምጦ የፊት ጎማውን ያቀለዋል፣ መሪ አይታዘዝልህም። እንዴት ትለካዋለህ ካላችሁ እኔ ከጎረቤት ወፍጮ ቤት የእህል ሚዛኑን ለምኜ አመጣሁ፣ ተሳቢዋን ሜዳ ላይ አቁሜ ጎማዋን በታኮ ይዤ፣ ጋንቾው መኪናው ላይ በሚቀመጥበት ከፍታ ልክ እንጨት አቁሜ ሚዛኑ ላይ አሳረፍኳት። ያን ቀን የጫንነውን እንዳለ መልሰን ብንጭነው 22 ኪሎ። ጠቅላላው 950 ገደማ ለሆነ ተሳቢ 22 ኪሎ! ጄኔሬተሩን ከአክስሉ ትንሽ ፊት አድርገን ወንበሩን ከኋላ ስናደርገው 95 ሆነ። ጄኔሬተሩ የሚያርፍበትን ቦታ ወለሉ ላይ በቀይ ቀለም አሰመርኩበት፣ ከዛ መስመር ውጪ ከተቀመጠ መኪናው አይነሳም። ከዛን ጊዜ ወዲህ አንድም ቀን አልተወዛወዘችም። ቸርችልን ደሞ ከላይ ጀምሬ በሁለተኛና በሶስተኛ ማርሽ ነው የምወርደው።

አስተሳሰር ላይ። ድሮ በሲባጎ ነበር የምናስረው፣ ሲባጎ ሲረጥብ ይለጠጣል፣ አሁን ባለ ራቼት ቀበቶ ነው። ደንቡ እንዲህ ነው፣ እስርህ ድንገት ፍሬን ሲያዝ ወደፊት የጭነቱን ክብደት 80 በመቶ፣ ወደ ጎንና ወደ ኋላ 50 በመቶ መቋቋም አለበት። ለኔ ጄኔሬተር ወደፊት 256 ኪሎ ማለት ነው። ቀበቶው ላይ ከተሰፋው ወረቀት የሚችለውን አንብቡ፣ ወረቀት የሌለውን አትግዙ። ጠርዝ ላይ የሚያልፍበት ቦታ አሮጌ የጎማ ቁራጭ አድርጉለት፣ እኔ አንዱን የአንጎላሬ ጠርዝ ግማሽ ድረስ ቆርጦብኝ ነው ያየሁት።

የተበላሸውን ልንገራችሁ፣ የሰራልኝን ቤት ስም አልጠራም። መጀመሪያው ሳምንት የቸርኬው ዳዶዎች ላሉ። አዲስ ጎማ ከገባ በኋላ ከመጀመሪያው 50 እስከ 100 ኪሎሜትር እንደገና መጥበቅ አለበት፣ የሰራልኝ ሰው ይሄን ሊነግረኝ ይገባ ነበር፣ አልነገረኝም፣ ጎሚስታ ልጅ ነው ያየልኝ። ሁለተኛ መብራቱ። ግራ ፍሬቻ ስታበራ ስቶፑም የኋላ መብራቱም አብሮ ይርገበገባል። ማሳ (ወደ ባትሪው የሚመለሰው የኔጌቲቭ መስመር) ነው! በጋንቾው ብረት በኩል ነበር ማሳ የሰጡት፣ ጋንቾው ደሞ ግራሶ ይቀባል፣ ይዝጋል። ባለ ሰባት ፒን ሶኬት ላይ ነጩ ሽቦ ለማሳ የተመደበ ነው፣ ቢጫው ግራ ፍሬቻ፣ አረንጓዴው ቀኝ፣ ነጩን እስከ ሻሲው ቀጥታ አስጎትቼ ተስተካከለ። ሶስተኛው አሳሳቢው ነበር፣ መጋቢት ላይ የግራው ጎማ መሃል እጅ አያስነካም፣ ሲፈታ ኩሽኔታው ውስጥ ግራሶ የለም ማለት ይቻላል፣ ሰማያዊ ሆኗል። ሁለቱንም ቀየርኩ። አሁን ረዘም ያለ መንገድ ከሄድኩ ስቆም መጀመሪያ የማደርገው ሁለቱንም ጎማ መሃሉን በእጅ መንካት ነው፣ አንዱ ከሌላው በጣም ከሞቀ ነገር አለ።

ኳሱን ስታስገጥሙ ደሞ አደራ፣ ገበያ ላይ 50 ሚሊም ባለ 2 ኢንችም አለ፣ 2 ኢንች ማለት 50.8 ነው፣ በአይን አይለይም። ቁጥሩ ላዩ ላይ ተጽፏል፣ ከጋንቾው ጋር አመሳስሉት። የደህንነት ሰንሰለቱ ሁለት ሆኖ ከመጎተቻው ስር በመስቀል ይታሰር፣ ጋንቾው ቢወልቅ አፍንጫዋ ሰንሰለቱ ላይ ታርፋለች፣ አስፋልት ላይ አትተከልም።

መሃል ከተማ ላይ መንዳቱ ምን ይመስላል፣ ወደፊት ምንም አይደል፣ መታጠፊያ ላይ ብቻ ሰፋ አድርጎ መውሰድ ነው፣ በተለይ በኮሪደር ልማቱ አዲስ የተሰሩት የእግረኛ መንገዶች ጠርዝ ጎማ ጎኑን ይበላል። ወደኋላ ግን አጭር ተሳቢ ከረጅሙ ይብሳል፣ ቶሎ ትታጠፋለች። እጅህን መሪው ታችኛው ጋ ያዝ፣ ኋላዋ እንዲሄድ ወደምትፈልገው እጅህን ውሰድ፣ ትንሽ ትንሽ። ሁለት እሁድ ጠዋት ባዶ ሜዳ ላይ ተለማመድኩና ገባኝ። ፒክአፑ በማይገባበት ጠባብ ሰፈር ደሞ ነቅለን በፊት ትንሿ ጎማ ላይ አሳርፈን በእጅ እየገፋን ለቅሶው ቤት በር ድረስ እናደርሳታለን፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው፣ ግን ሜዳ ላይ ብቻ። ዳገት ላይ ፈጽሞ አትንቀሉ።

ጉልበትን በተመለከተ፣ አዲስ አበባ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፣ አየሩ ስስ ስለሆነ እንደኔ ፋይቭ ኤል ተርቦ የሌለው ሞተር አንድ አምስተኛ ገደማ ጉልበቱን እዚህ ያጣዋል። ከራስ መኮንን ድልድይ ወደ ፒያሳ ሙሉ ጭነት ይዤ ስወጣ በሁለተኛ ነው፣ አንዳንዴ በአንደኛ። ይወጣል። የከበደኝ መውጣቱ ሳይሆን መውረዱ ነው፣ ምክንያቱም ተሳቢዋ የራሷ ፍሬን የላትም። ሳሰራ ጠይቄ ነበር፣ "ለዚች ምን ፍሬን ያስፈልጋታል" ነው ያሉኝ፣ እኔም አመንኩ። አውሮፓ ውስጥ ግን ተሳቢ ከነጭነቱ ከ750 ኪሎ ካለፈ የግድ የራሱ ፍሬን ሊኖረው ይገባል። እኔ 950 ይዤ ነው ቸርችልን ስወርድ የከረምኩት። ይሄን ካወቅኩ ጀምሮ እንቅልፍ ነስቶኛል።

መኪናው ፍሬን ሲይዝ ተሳቢው ወደፊት ሲገፋ በዛው ግፊት ካቦ እየሳበ የራሱን ፍሬን የሚያሲዝ ጋንቾ አለ፣ ከነፍሬን ከበሮ አክስሉ ጋር አዝዣለሁ፣ ሰኔ መጨረሻ ይገጠማል ተብያለሁ፣ ሐምሌ ዝናቡ ሳይጠና። እስከዛ ጄኔሬተሩን ብቻ ነው የምጭንባት፣ ሁለቱ ተደምረው 600 ኪሎ ናቸው፣ ድንኳኑ ፒክአፑ ላይ ይወጣል፣ ወንበሩ በሁለተኛ ዙር ይሄዳል። ደንበኞች "ምነው ቆያችሁ" ይላሉ፣ ለእያንዳንዳቸው ምክንያቱን እነግራቸዋለሁ። ፍሬኑ ተገጥሞ ቸርችልን ሙሉ ጭነት ይዤ ስወርድ እንዴት እንደሆነች እዚሁ እጨምራለሁ።