ያማሃ ፒኤስአር-ኢ273 ለትንንሽ ልጆች ይሆናል?

ለ6 ወይም ለ7 ዓመት ልጅ ኪቦርድ ልትገዙ ከሆነ ይህ ለጅምር ይበቃል። 61 ቁልፎቹ የፒያኖ ቁልፍ ስፋት አላቸው፤ በመጫወቻ ኪቦርድ ጠባብ ቁልፍ የለመደ ጣት ኋላ ፒያኖ ላይ ርቀቱ ይጠፋዋል። ጅማ ላይ መብራት ድንገት ቢጠፋም ትምህርቱ አይቋረጥም፣ በ6 ኤኤ ባትሪ ድንጋይ ይሠራል።

ትልቁ ጉድለቱ ቁልፉ የእጅን ኃይል አለመለየቱ ነው። ቀስ ብሎ የነካውም፣ በኃይል የመታውም እኩል ድምፅ ያወጣል። ስለዚህ ልጁ ለስለስ አድርጎ መጫወትን አይማርበትም። አቅም ካላችሁ የያማሃውን ፒኤስአር-ኢ373 ውሰዱ፣ እሱ የእጅን ኃይል ይለያል።

አዳፕተሩን አደራ! 12 ቮልት መሆኑን ሳታረጋግጡ አትሰኩ። በክረምት ደግሞ ተጫውተው ሲጨርሱ በጨርቅ ሸፍኑት፤ የጅማ እርጥበትና አቧራ ከቁልፉ ሥር ያለውን መገናኛ ካቆሸሸው አንዳንዱ ቁልፍ ዝም ይላል።

ለመጀመሪያው ቀን የልጁ ክርን ከቁልፎቹ ጋር እኩል እስኪሆን ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምሩ፤ እግሩ ከተንጠለጠለ ሥሩ ጠንካራ ካርቶን አድርጉ። ትከሻው ከተነሳ ወንበሩ ዝቅ ብሏል ማለት ነው። ነጮቹን ለጊዜው ተዉአቸው። ሦስት ሆነው ከተደረደሩት ጥቁሮች ከግራኛው ጀምሮ ወደ ቀኝ አምስት ጥቁር ብቻ ይምታ፦ ትዝታ ሜጀር ይወጣል! ጆሮው የሚያውቀው ቅኝት ስለሆነ ሲሳሳት ራሱ ይሰማዋል። ኪቦርዱ ራሱ አብሮ የሚመታውን ሪትም ግን ገና አትክፈቱለት፣ ጣቱ ሳይጸና ያሯሩጠዋል።