ደብረ ማርቆስ ላይ የግል መኪናዬን ለሥራ ኢንሹራንስ ያስገባሁበት ቅርንጫፍ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ የበርበሬና የቅመም ሱቅ አለኝ። በርበሬውን ከቡሬና ከፍኖተ ሰላም የማመጣው ራሴ ነኝ፣ በኮድ 2 (የግል ሰሌዳ) ኮሮላዬ። ልጆቹንም ትምህርት ቤት የማደርሰው በእሷ ነው። ኢንሹራንሷ ሊያልቅ ሲል ይህን አጠቃቀሜን ውሉ ላይ በግልጽ የሚጽፍልኝ ድርጅት ፈለግኩ።

መጀመሪያ የገባሁበት ቢሮ ያስተናገደችኝ ሠራተኛ ትሁት ናት፤ ግን «የግል ብለን እንሙላው፣ አረቦኑ (ለኢንሹራንሱ የሚከፍሉት ገንዘብ) ይቀንስልዎታል» አለችኝ። ይህ ምክር ያበሳጨኛል! በ1952 የወጣው የንግድ ሕግ ኢንሹራንስ ገቢው አደጋውን የሚመለከት የሚያውቀውን ነገር ሁሉ እንዲናገር ያስገድዳል፤ ከደበቀ ወይም ከዋሸ ውሉ ሊፈርስበት ይችላል። ምክሩን የሰጠችው ሠራተኛ ያኔ ከጎኔ አትቆምም። ቅጹ ላይ ያለው የእኔ ፊርማ ነው።

ሁለተኛው ቅርንጫፍ ሌላ ነው። ያስተናገደኝ ልጅ አስቀምጦ ጠየቀኝ፦ ምን ይጭናሉ፣ የት የት ይሄዳሉ፣ ሌላ ሰው ይነዳዋል ወይ፣ በክፍያ ሰው ይጭናሉ ወይ። ሰው በክፍያ አልጭንም አልኩት። እሱም ኢንሹራንስ ኮድ 2ን ኮድ 3 (የንግድ ሰሌዳ) እንደማያደርግ፣ ተሳፋሪ እያስከፈለ የሚጭን ሰው መጀመሪያ ሰሌዳውንና ፈቃዱን ማስተካከል እንዳለበት ነገረኝ። ከዚያ ውሉ ላይ «ለግልና ለባለቤቱ ንግድ ሥራ» ብሎ ጻፈ። አረቦኑ ከፍ አለ፣ ከፈልኩ።

ሦስተኛ ወገን ብቻ ይዘው «ኢንሹራንስ አለኝ» የሚሉ ብዙ ነጋዴዎች አውቃለሁ። በአዋጅ 799/2005 ግዴታ የሆነው እሱ ነው፤ ግን የሚክሰው ሌላውን ሰው ነው። የራሳችሁን መኪና አያሠራም። ለሥራ የምትሮጥ መኪና ሙሉ ኢንሹራንስ ያስፈልጋታል፣ ዋጋዋም በዛሬ ገበያ መሞላት አለበት። የመኪና ዋጋ እንዲህ በናረበት ጊዜ የድሮውን ዋጋ ይዞ ማደስ አደገኛ ነው፤ ከዋጋዋ ግማሹን ካስመዘገባችሁ ጥገናውንም በግማሽ ሊያስቡላችሁ ይችላሉ። በሁከትና በግጭት ለሚደርስ ጉዳትም ተጨማሪ ሽፋን ለብቻው ይሸጣል። በእኛ መንገድ ለሚመላለስ ሰው እኔ ግዙ ነው የምለው።

አገልግሎቱ የተፈተነው ደምበጫ መግቢያ ላይ ባጃጅ ሲገጨኝ ነው። የጎን በሩ ገባ፣ አንድ ጆንያ በርበሬም ጭቃ ላይ ተበተነ። የትራፊክ ፖሊስ ሪፖርቱን ይዤ ስሄድ የካሳ ክፍሉ ሰው መጀመሪያ የጠየቀኝ ምን ጭኜ እንደነበር ነው። በርበሬ አልኩት። ውሉን ገልጦ አየና ወደ ሌላው ጥያቄ አለፈ። ለእኔ ያ ተጨማሪ አረቦን ዋጋውን ያወጣው እዚያ ላይ ነው።

የተበተነውን በርበሬ አልከፈሉም። የመኪና ውል ጭነት እንደማይሸፍን፣ ለእሱ የዕቃ ማጓጓዣ ኢንሹራንስ ለብቻው እንደሚገባ ልጁ አስቀድሞ ነግሮኝ ስለነበር ቅር አላለኝም። ቅር ያለኝ መዘግየቱ ነው። ጉዳቱን የሚገምተው ባለሙያ የሚመጣው ከባሕር ዳር ነው፣ ከዚያ ጋራዦች ዋጋ ያቀርባሉ፣ ከዚያ ደግሞ በሩ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይጠበቃል፤ በዚህ ሁሉ መሃል ስልክ ደውሎ «እዚህ ደርሰናል» የሚል ሰው የለም፣ እየተመላለስኩ የምጠይቀው እኔው ነኝ። መኪናዋ ቆማ ለጭነት የከፈልኩትንም የሚተካ የለም። ይህን ማስተካከል አለባቸው።

እንዲያም ሆኖ በሚቀጥለውም ዓመት እዚያው ነው የማድሰው። የምትሄዱ ከሆነ ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድ፣ ንግድ ፈቃድና የቲን ቁጥር ያዙ። መኪናዋንም ይዛችሁ ሂዱ፣ ፎቶ አንስተው ነው የሚመዘግቡት። የአጠቃቀሙ መስመር ላይ ምን እንደተጻፈ ሳታነቡ ደግሞ ብር አትክፈሉ።