ከብርድ የገላገለን ባለሙያ

ይህን ሰው ሳላመሰግን ብቀር ግፍ ይሆንብኛል። ቤታችን ከ40 ዓመት በላይ ሆኖታል። ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ እየሠራ እግራችን በረዶ ነው፣ እማዬም ሳሎን የምትቀመጠው ብርድ ልብስ ተከናንባ ነበር። ችግሩ ከማሞቂያው መስሎኝ ሁለተኛ ገዛሁ። ወይ ፍንክች! ቀደም ሲል የመጣ አንድ ሠራተኛ ደግሞ ገና በሩን ሳያልፍ "መስኮቶቹ በሙሉ ይቀየሩ" ብሎኝ ነበር። እንኳን አልሰማሁት።

ይሄኛው ሜትር እንኳን አላወጣም። "የትኛው ክፍል ነው የሚብሰው? ማታ ነው ጠዋት?" ብሎ ጀመረ። ከዚያ ክብሪት ጫረና እፍ ብሎ አጥፍቶ፣ ጢሱን በመስኮቱ ጠርዝ፣ በሶኬቱ ዙሪያ፣ ወደ ኮርኒሱ በሚያስወጣው ክዳን ስር ቀስ እያለ አዞረው። መስኮቱ ጋ ጢሱ ትንሽ ተወዛወዘ። ክዳኑ ስር ግን ሽቅብ ተመጦ ጥፍት! "እህቴ፣ ሞቃት አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ የከፈልሽበት ሙቀት በዚህ እየወጣልሽ ነው" አለኝ።

ባትሪ ይዞ ኮርኒሱ ላይ ወጣ፤ እኔንም መሰላሉ ላይ አቁሞ አሳየኝ። ሙቀት እንዳያመልጥ ኮርኒስ ላይ የሚነጠፈው የድሮው የመስታወት ሱፍ እንደ አሮጌ ፍራሽ ተኝቷል። ከእማዬ ክፍል በላይ ደግሞ ጭራሽ የለም፤ ድሮ መብራት የዘረጋ ሰው ገልጦት ሳይመልሰው ሄዷል። አንዳንድ ቦታ ጠቁሮ ሳይ ሻጋታ መስሎኝ ደነገጥኩ፣ ለካ አቧራ ነው! ከስር በስንጥቅ የሚወጣው አየር በሱፉ ውስጥ ሲያልፍ አቧራውን እዚያው ጥሎት ይሄዳል። ጥቁሩን ሲያነሳው በሽቦው ቱቦ ዙሪያ ጣት የሚያስገባ ክፍተት ተገኘ።

በጣም የወደድኩለት አለመቸኮሉን ነው። አንዱ ጥግ ላይ ጣሪያው ያፈስ ስለነበር ሱፉ ርሷል። "የራሰ ሱፍ ሙቀት አይዝም፣ መጀመሪያ ጣሪያውን አስጠግኚ" ብሎኝ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። ሌላው ቢሆን ሸፋፍኖ ብሩን ተቀብሎ ውልቅ ነበር የሚለው። ጣሪያው ተጠግኖ ሲመለስ የራሰውን አውጥቶ ጣለ፣ ቀዳዳዎቹን ደፈነ፣ ለክዳኑ ጎማ አደረገለት፣ አዲሱን ሱፍ ያነጠፈው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኔ ጠቅጥቀው ብዬው ነበር፤ ሙቀቱን የሚይዘው በሱፉ መሃል ያለው አየር ስለሆነ ሲጠቀጠቅ ጥቅሙ ይቀንሳል አለኝ። በጣሪያው ጠርዝ ያሉትን የአየር መግቢያዎችም እርጥበት እንዳይታፈን ክፍት ተዋቸው። መስኮቶቹ? ጎማቸውን ብቻ ቀየረ።

አሁን ሁለተኛው ማሞቂያ አልጋ ስር ተቀምጧል፣ የሚፈልገው ካለ እሰጣለሁ። እማዬም ብርድ ልብሷን መኝታ ቤት መልሳለች።

የልጁን ስልክ የምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ። ቀጠሮ ላይ ይዘገያል፣ ወሬም ይወዳል፤ ቀድሜ ነግሬያችኋለሁ።